መሸነፍ ያቃተው ጓንጉል

ካርታውን ሰብስቡት። አዎ፣ አንተም፤ ጋቢህ ሥር የደበቅኸውን አውጣ። እህል ልንጠብቅ ነው አውድማ ላይ ያደርነው፤ እናንተ ደግሞ በእንዲህ ያለ ሌሊት ቁማር ታነሣላችሁ። ጨረቃ የለችም። ነፋስ የለም። ጅቡ እንኳ ዛሬ አልጮኸም። እንዲህ ባለ ሌሊት ስለ ዕድል አታውሩ ብለው አያቶቻችን ይከለክሉ ነበር። ለምን ይከለክሉ ነበር? እሱን ነው የምነግራችሁ። ቀረብ ቀረብ በሉ። ጀርባውን የፈራ ወደ እሳቱ ይጠጋ።

ስሙ ስላችሁ «ሰምተናል» በሉኝ።

ስሙ!

መልካም።

በድሮ ጊዜ ነው። መንደሩን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ መንገዱን ትፈሩታላችሁ፤ መንገዱ ደግሞ ዛሬም ይኬድበታል። ሰዓቱ ልክ እንዲህ ነው። ፀሐይ ጠልቃለች። ከብት ገብቷል። ደጅ ሁሉ ተዘግቷል። ከገበያው ወደ መንደሩ የምትወስድ አንዲት ቀጭን መንገድ አለች። ቁልቁለቱን ትወርዳለች፣ ወንዙን ትሻገራለች፣ ዳገቱን ትወጣለች። ወንዙ ዳር አንድ ሾላ አለ። ከሾላው ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ሌላ ምን አለ? ምንም የለም። ቤት የለም፣ እርሻ የለም፣ የሚጮህ ውሻ እንኳ የለም።

በዚያች መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይመጣል። ስሙ ጓንጉል ነው።

ጓንጉል ምን ዓይነት ሰው ነበር? ክፉ ሰው አልነበረም። ሌባ አልነበረም። ሰካራም አልነበረም። ጎበዝ አራሽ ነበር። ግን ውርርድ ይወዳል። በሁሉ ነገር ይወራረዳል። «ይህች ላም ወንድ ትወልዳለች፣ እንወራረድ!» ይላል። ወንድ ትወልዳለች። «ከነዚያ ሁለት ቁራዎች ቀድሞ የሚነሣው የግራው ነው!» ይላል። የግራው ይነሣል። ወንዝ ሲሞላ ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ እስኪጎድል ይጠብቃል፤ እሱ ልብሱን ራሱ ላይ ጠምጥሞ ይገባል። ይሻገራል። ሰው ሁሉ ዝናብ ጠብቆ ይዘራል፤ እሱ በደረቅ መሬት ይዘራል። በማግስቱ ይዘንብለታል። ተሸንፎ አያውቅም።

ሚስቱ የሻረግ ትባላለች። «ተው አንተ ሰው» ትለዋለች። «ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ሰው ያስፈራኛል።» እሱ ይስቅባታል።

ሦስት ልጆች ወልደው ሁለቱን ፈንጣጣ ወስዶባቸዋል። አንዲት ቀርታቸዋለች፣ ብርቄ። ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ከእርሻ ሲገባ በር ላይ ትጠብቀዋለች። ሁለት እጇን ጨብጣ ትዘረጋለታለች። በአንዱ እጇ ሽምብራ አለ፣ በአንዱ የለም። «የቱ ነው?» ትለዋለች። እሱ ያውቀዋል። ግን እሷ እንድትስቅ ብሎ ባዶውን እጅ ይመታል። ጓንጉል በዓለም ላይ የሚሸነፈው ለብርቄ ብቻ ነበር፤ እሱንም ወዶ።

እንግዲህ አንድ ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ከጥማድ በሬዎቹ አንዱ ታመመበት። መድኃኒት ፍለጋ ገበያ ወረደ። ፈልጎ ሳያገኝ መሸ። አብረውት የወረዱት የመንደሩ ሰዎች «እዚሁ እንደር ጓንጉል፣ ጨልሟል» አሉት። «አንድ ነገር አይነካኝም፣ እንወራረድ!» አላቸው። ብቻውን ተነሣ። አያችሁ? ብቻውን።

ቁልቁለቱን ወረደ። ወንዙን ተሻገረ። ሾላው ሥር ሲያልፍ፣ ቅጭል!

ምንድነው? ብር ድንጋይ ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ ነው። ቆመ። አየ። ሰው የለም። ድንጋዩ ብቻ አለ። አንድ እርምጃ ሄደ። ቅጭል! ደግሞ ቆመ።

«ዘውድ ወይስ ጎፈር?» የሚል ድምፅ ከጨለማው መጣ።

ዘውድና ጎፈር ታውቃላችሁ አይደል? የድሮው ብር በአንድ ፊቱ ዘውድ የጫነ ንጉሥ አለ፤ በሌላው ፊቱ ጎፈሩን የነሰነሰ አንበሳ አለ። ወደ ላይ ይወረወራል፤ ሳይወድቅ ይጠራል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ትሮጡ ነበር። ታማትቡ ነበር። ጓንጉል ግን ጥያቄውን ሲሰማ ልቡ ደስ አለው።

«ምን አስይዘን?» አለ።

«ካሸነፍክ በሬህ ይነሣል» አለ ድምፁ።

«ከተሸነፍኩስ?»

«ትቀመጣለህ።»

«ስንት ሰዓት?»

«ትቀመጣለህ።»

ጓንጉል ሳቀ። ተሸንፎ ስለማያውቅ ሳቀ። «ጎፈር!» አለ። ቅጭል! ጎንበስ ብሎ አየ። ድንጋዩ ላይ ብሩ ያበራል። አንበሳው ወደ ላይ ነው።

«ሂድ» አለው ድምፁ።

ቤቱ ሲደርስ በሬው ቆሞ ሣር ይበላል። ጓንጉል በደስታ ዘለለ። በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቱ አያ ደምለው ደረቱን እየመታ መጣ። ትናንት እንደ እንቦሳ ሲዘል የዋለ በሬው ማታውን ተገልብጦ ሞቷል። ጓንጉል ሄዶ አብሮት ቆዳ ገፈፈ። «አይዞህ አያ ደምለው፣ የእግዜር ነገር ነው» አለው። የኔ በሬ ነፍስ ከየት መጣ ብሎ ራሱን ጠየቀ? አልጠየቀም።

ክረምቱ ወጣ። መስከረም ጠባ። አንድ ቀን ሰማዩ ጠቆረ፤ ሽማግሌዎቹ «በረዶ ነው» አሉ። ጓንጉል ሰማዩን አየ፣ ማሳውን አየ። ማታውን ሳይጠሩት ሄደ። ብቻውን። የሻረግ «የት ነው?» ብትለው «መጣሁ» ብሏት ወጣ።

ሾላው ሥር ደረሰ። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር አየ። ምን አየ? እጅ። አንድ እጅ ብቻ፣ እስከ አንጓው፣ ድንጋዩ ላይ ተዘርግቶ። ብሩን በአውራ ጣቱ ላይ አስቀምጧል። ከጣቱ ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

«ካሸነፍክ በረዶው ማሳህን ያልፈዋል» አለ ድምፁ። «ዘውድ ወይስ ጎፈር?»

«ዘውድ!»

ቅጭል! ዘውድ።

በማግስቱ በረዶው ወረደ። በረዶው እንደ ሰው ድንበር አወቀ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? የጓንጉል ማሳ ዳር ሲደርስ ቆመ። ከድንበሩ ወዲህ ጤፉ እንደ ቆመ ነው። ከድንበሩ ወዲያ የእማማ ጥሩዬ ማሳ ነው፤ ባሏ የሞተባት፣ ያቺን ቁራሽ መሬት ብቻ የያዘች አሮጊት ናት። ማሳዋ መሬት ላይ ተነጥፏል። አሮጊቷ ጭቃው ውስጥ ተቀምጣ አንድ አንድ ዘለላ እያነሣች ልታቆመው ስትሞክር ሰው ሁሉ አያት።

ያን ማታ የሻረግ እህል አልበላ አላት። «የሰው እህል ተኝቶ የእኛ ብቻ ሲቆም ደስ አይለኝም» አለችው። «ጓንጉል፣ የት ነበር የሄድከው?»

«ዕድል ነው» አላት። ሌላ አልነገራትም።

ከዚያ በኋላ የመንደሩ ሰው ጓንጉልን ሲያይ ሰላምታው አጠረ። ማንም ከሱ ጋር አይወራረድም። ማንም አጠገቡ አይቀመጥም። ውርርድ የለመደ ሰው ውርርድ ሲያጣ ምን ይሆናል? እጁን ይበላዋል። እንቅልፍ ይነሳዋል። ጥቅምት ላይ፣ ምንም ሳይጎድልበት፣ በሬው ሳይታመም፣ ሰማዩ ሳይጠቁር፣ እንዲሁ ተነሥቶ ሄደ።

በሦስተኛው ጊዜ ያየውን ልንገራችሁ። ድንጋዩ ላይ ሰው ተቀምጧል። ጉልበቱ ይታያል፣ ደረቱ ይታያል። ነጭ ጋቢ ተከናንቧል። ጋቢው ርሷል፤ ውኃው ይወርዳል፣ ግን አያልቅም። ወንዙ ጎድሏል፣ ዝናብ የለም፤ ውኃው ከየት ይመጣል? ፊቱ ግን አይታይም። ከክንንቡ ውስጥ ጨለማ ብቻ ነው።

«ምን ልስጥህ?» አለው።

ጓንጉል አሰበ። ምን ጎደለው? በዚያ ሰሞን ጉልበቱን ያመው ነበር፤ ጢሙም ሽበት ጀምሮት ነበር።

«ዕድሜ» አለ።

«ስድሳ ዓመት» አለ የተከናነበው። «ዘውድ ወይስ ጎፈር?»

ከማን ተወስዶ ነው ብሎ ጠየቀ? አልጠየቀም።

«ጎፈር!» አለ።

ቅጭል! ጎፈር ሆነ። የተከናነበው ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹን ለቀቀ፤ ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው እንደሚተነፍሰው። ጓንጉል ዳገቱን በሩጫ ወጣው። ጉልበቱ አላመመውም። እንደ ጎረምሳ እያፏጨ ቤቱ ገባ።

ብርቄ ምድጃው ዳር ጎብጣ ተቀምጣለች።

«ምነው ልጄ፣ አልተኛሽም?» አላት።

«ደከመኝ አባዬ» አለችው። ድምፁ የሷ አልነበረም። የሰባ ዓመት አሮጊት ድምፅ ነበር። «እግሬን ይቆረጥመኛል። ዓይኔም አያይልኝም። የት ነህ?»

ኩራዙን አቀረበ። የብርቄ ፀጉር ነጭ ሆኗል።

የዚያን ጊዜ የደምለው በሬ ገባው። የእማማ ጥሩዬ ማሳ ገባው። ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባው። እዚያው ተንበረከከ። ለየሻረግ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። እሷ አልጮኸችም። ልጇን አቅፋ ሰማችው፤ ከዚያ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች።

«መልስ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«አላውቅም። አንተ ነህ ያመጣኸው፣ መልስ! አብሬህ እሄዳለሁ።»

«ልጅቱን ማን ይይዛል?» ብሎ ወጣ። እንደ ገና ብቻውን።

የሻረግ ግን ዝም ብላ አልቀረችም። ልጇን አዝላ የእማማ ጥሩዬን በር አንኳኳች። ማሳዋ የተነጠፈባት አሮጊት ምንም ሳትጠይቅ ልጅቱን ተቀበለቻት። የሻረግ በጨለማው ባሏን ተከተለች። ልትደርስበት ጥቂት ቀራት። ነገር ግን ወንዙ ዳር ያንን ነጭ ነገር ስታይ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። ቁጥቋጦ ውስጥ ተደበቀች። ምነው ባልተደበቀች! ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ ያ ነገር አይናገርም፣ አይታይም። ይህን ያወቀችው ኋላ ነው፤ እስክትሞት ድረስም ቆጭቷታል። ያን ሌሊት የሆነውን የምናውቀው በሷ ነው።

«መልስልኝ» አለ ጓንጉል። «የልጄን ዕድሜ መልስልኝ።»

«የሚመልስ የተሸነፈ ነው» አለ የተከናነበው። «አንተ አሸንፈሃል።»

«እንግዲያው ልሸነፍ! ወርውር!»

ብሩ ወደ ላይ ወጣ። ጓንጉል ለመሸነፍ ብሎ ጠራ። «ዘውድ!» ዘውድ ሆነ። ሰውነቱ ቀለለው፤ ጢሙ ጠቆረ። መቅለሉ ምን ማለት እንደሆነ ገባው፤ ብርቄ ቤት ውስጥ ይበልጥ እየከበዳት ነው ማለት ነው። «አንድ ጊዜ! አንድ ጊዜ ወርውር!» አለ። «ጎፈር!» ጎፈር ሆነ። እጁ ላይ የነበረ የልጅነት ጠባሳ ጠፋ። አለቀሰ። «እንደ ገና!» አለ። ብሩ አየር ላይ ሲሽከረከር፣ ዘውድም ሳይል፣ ጎፈርም ሳይል፣ «አንዱም!» ብሎ ጮኸ።

ቅጭል አላለም። ብሩ ድንጋዩ ላይ በጠርዙ ቆመ።

ቀጥ ብሎ ቆመ! አንዱም አልሆነም። ጓንጉል አሸነፈ።

የዚያን ጊዜ የተከናነበው እጁን አንሥቶ ጋቢውን ከራሱ ገፈፈ። የሻረግ ቀንድ ያለው ነገር ታያለሁ ብላ ነበር። ምን አየች መሰላችሁ? ሰው። ተራ ሰው። ጢም ያላወጣ ወጣት፤ ዓይኑ ግን የደከመው፣ ዓይኑ ግን ያረጀ። ያ ነው እሷን ያንቀጠቀጣት።

«እኔም እንዳንተ ነበርኩ» አለ። «ተሸንፌ አላውቅም ነበር። ስንት ዘመን እዚህ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። የሚያሸንፈኝ ሰው ስጠብቅ ኖርኩ። ያለኝን ሁሉ ተሸንፌልሃለሁ። አንድ ነገር ቀርቶኛል።»

«ምን?»

«ይህች ድንጋይ።»

ጓንጉል ድንጋዩን አየ።

«እዚህ የተቀመጠ ሰው ዕድል የለውም» አለ ወጣቱ። «ዕድል የሌለው ሰው ያሸነፈው ሁሉ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ካልፈለግህ ሂድ። ጢምህ ጠቁሯል፣ ረጅም ዘመን ትኖራለህ። አላስገድድህም።»

«ልጄ ትነሣለች?»

«ትነሣለች።»

«እንደ ልጅነቷ?»

«እንደ ልጅነቷ።»

ጓንጉል ዳገቱን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ደግሞ ጠየቀ።

«አያታለሁ?»

ወጣቱ ብሩን በአውራ ጣቱ ላይ አስቀመጠ።

የሻረግ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ድምፅ እምቢ አላት። «ተው» ልትለው ይሁን «እሺ በለው» ልትለው ይሁን፣ እሷም አታውቀውም። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትሉት ነበር? አትመልሱልኝ። እኔም አላውቀውም።

«ወርውር» አለ ጓንጉል።

ብሩ ወጣ። ጓንጉል ወደ ላይ አላየም። «ዘውድ» አለ ቀስ ብሎ። ብሩ የጓንጉል መዳፍ ላይ ወደቀ፤ ዘውድ ሆነ። ወጣቱ ከድንጋዩ ተነሣ። የራሰውን ጋቢ አውልቆ ጓንጉልን አከናነበው። ከዚያ ወደ ወንዙ ገባ። እስከ ጉልበቱ ገባ፣ እስከ ወገቡ ገባ፤ መሐል ሲደርስ ሰው የለም፣ ውኃው ብቻ ነው የሚሄደው።

ጓንጉል ተቀመጠ።

የሻረግ ያን ጊዜ ነው እግሯ የታዘዘላት። ከቁጥቋጦው ወጥታ እየሮጠች ሄደች። «ጓንጉል! ጓንጉል!» አለች። ድንጋዩ ላይ ደርሳ በሁለት እጇ ዳሰሰችው። ማንም የለም። ድንጋዩ ርሷል። እስኪነጋ እዚያው ተቀመጠች።

ሲነጋ እማማ ጥሩዬ ቤት ደረሰች። ብርቄ ፀጉሯ ጠቁሮ፣ እንደ ልጅ ምድጃውን እየዞረች ትሮጣለች። «እማዬ፣ ራበኝ» አለቻት። «አባዬስ?» የሻረግ ምን ትበላት? በዚያው ጠዋት የቤታቸው በሬ ጋጣው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የእማማ ጥሩዬ ማሳ ግን፣ ተነጥፎ የነበረው ጤፍ ቀና ቀና ማለት ጀመረ። አያ ደምለውም ላሙ ሁለት ወንድ ወለደችለት። ሁሉም ወደየባለቤቱ ተመለሰ። የሻረግ የተመለሰላትንም ያልተመለሰላትንም ይዛ ኖረች።

ጓንጉል ክፉ ሰው ነበር? አልኳችሁ፣ አልነበረም። ግን እዚያ የተቀመጠ ይጠይቃል። መጠየቅ እንጂ ሌላ ሥራ የለውም። አንድ ዓመት አንድ ነጋዴ ብቻውን ሲያልፍ ጠየቀው። ነጋዴው መለሰለት። አንድ ወር ሙሉ ሰውዬው የነካው ነገር ሁሉ አማረለት፤ በወሩ የወንድሙ ቤት ከነልጆቹ ተቃጠለ። ነጋዴው አገር ጥሎ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ሰው በዚያ መንገድ ሲያልፍ ሁለት ሆኖ፣ ሦስት ሆኖ፣ እያወራ ነው።

ብርቄ አደገች። ከወንዙ ማዶ ተዳረች። አንድ ቀን «እናትሽ ታማለች፣ ድረሺ» የሚል መልእክት መጣባት። ባሏ ሩቅ ሄዷል። ጎረቤት እስክትጠራ አላስቻላትም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ወንዙ ጋ ስትደርስ መሽቷል። ከወንዙ ወጥታ ሾላው ሥር ስታልፍ፣

ቅጭል!

ቆመች። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል ውኃ ሰማች። ነጭ ነገር በዓይኗ ጥግ አየች። ዞራ አላየችውም። እናቷ «ዞረሽ አትይ» ብላ አሳድጋታለች።

«ዘውድ ወይስ…» አለ ድምፁ።

ዝም አለ።

ወንዙ ይሄዳል። ጭምቅ አድርጎ የያዘው ብር ከጥፍሩ ጋር ሲጋጭ ይሰማታል። ጥያቄው ሊወጣ ይታገላል፤ እሱ ጥርሱን ነክሶ ይይዘዋል። ከዚያ ከጉሮሮው ሥር፣ ተሰባብሮ፣ አንድ ሌላ ቃል ወጣ።

«ሩጪ።»

ሮጠች። ዳገቱን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ከኋላዋ አንድ ሰው ሲያለቅስ እስከ መንደሩ ጫፍ ድረስ ሰማችው።

እንግዲህ ስሙኝ። በጨለማ ብቻችሁን አትሂዱ። ሁለት ሁኑ፣ ሦስት ሁኑ፣ አውሩ፣ ዝፈኑ፣ ተጣሉም፤ ብቻ ብቻችሁን አትሂዱ። ብርቄ ልጁ ስለሆነች ነው ሩጪ ያላት። እናንተ ልጆቹ አይደላችሁም። እናንተን ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ይጠይቃችኋል።